ወር የመቁጠር ታሪክ፦ እርግዝናን ቀድሞ ማወቅ በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

(በመካነ ሰላም ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ።)



ርእሱን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያነበቡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይህ የጤና ሳይንስ እንጂ የታሪክ ርእስ ነውን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንዲት ሴት ማርገዟን በየትኛው ሳምንት ታውቃለች? በምን ታውቃለች? ከእርሷ ቀጥሎ፣ አንዳንዴም ከእርሷ ቀድሞ፣ የሚያውቀው ማነው? እነዚህ ጥያቄዎች በየዘመኑ የተለያየ መልስ ነበራቸው። መልሱ በየዘመኑ የሚለዋወጥ ነገር ሁሉ ታሪክ አለው።

ወደዚህ ርእስ ያመጣኝ ግን መጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪዬ ትምህርቷን ለማቋረጥ ቅጽ ይዛ ወደ ቢሮዬ መጣች። እርግዝናዋ አምስት ወር አልፎት ነበር። «ተመርምሬ ነበር እኮ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ከኀዘን ይልቅ መከዳት ይሰማ ነበር። ከመድኃኒት ቤት የገዛችውን መመርመሪያ የተጠቀመችው ግንኙነቱ በተፈጸመ በአራተኛው ቀን ነው። አንድ መስመር ብቻ አየች፤ እፎይ አለች። ወር አበባዋ ሲቀር የፈተና ጭንቀት ነው ብላ አለፈችው። በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ። መመርመሪያው አልዋሸም። የተጠየቀው ገና መልስ ባልነበረበት ቀን ነበር። የዛሬው ገለጻዬ ስለዚያ ቀን ነው፤ ማለትም መልሱ የሚገኝበት ቀን ከየት እንደሚቆጠርና እናቶቻችን ከእኛ በፊት እንዴት ይቆጥሩት እንደነበር።

ከመሣሪያው በፊት የነበረው ቆጠራ

ምዕራብ ደቡብ ወሎ ስል ከለጋምቦ አቀስታ ወዲህ በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በአማራ ሳይንትና በመሐል ሳይንት አልፎ እስከ ዓባይና በሽሎ ሸለቆዎች አፋፍ የሚደርሰውን አገር ማለቴ ነው። ይህ ደጋ በገደል የተቆራረጠ ነው። በዓይን ቅርብ የሚመስለው ማዶ በእግር ግማሽ ቀን ይወስዳል። በእንዲህ ያለ አገር ነፍሰ ጡርን በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ዘንድ ማድረስ የመንደር ሙሉ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ነበር። ስለዚህ ወሯ መቼ እንደሚገባ ቀድሞ ማወቅ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆኖ ኖሯል።

ቋንቋችንን እንመልከት። ለእርግዝና መጨረሻ ብዙ አነጋገር አለን፦ «ወሯ ገባ»፣ «ድርስ እርጉዝ»፣ «ዛሬ ነገ ናት» እንላለን። የተሸከመችውን ሴት «ነፍሰ ጡር» እንላታለን፤ ነፍስ የተሸከመች ማለት ነው። ስለ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስንናገር ግን የምንናገረው በጎደለው ነገር ነው፤ «ቀረ» ብቻ እንላለን። የእርግዝና መጀመሪያ ምልክት አንድ ነገር መምጣቱ ሳይሆን ይመጣ የነበረው መቅረቱ ነው። የቀረን ነገር ለማወቅ ደግሞ የሚመጣበትን ቀን ጠብቆ መቁጠር ያስፈልጋል።

ቆጠራው በቃል የሚያዝ ነበር። ክርስቲያኗ በቅዱሳን መታሰቢያ ቀናት ትይዘዋለች፤ «ለሚካኤል መጣብኝ፣ ለማርያም አበቃልኝ» ትላለች። ወሩ ሁልጊዜ 30 ቀን፣ ሚካኤል ሁልጊዜ በ12፣ ማርያም ሁልጊዜ በ21 ስለሆነ ይህ አያያዝ ከቀን መቁጠሪያ ወረቀት የማይተናነስ ነው። ሙስሊሟ ደግሞ ጾሟና ሶላቷ ከወር አበባዋ ጋር ስለሚገናኝ ቀኑን በትክክል ማወቅ ይጠበቅባታል፤ በረመዳን ያጎደለቻቸውን የጾም ቀናት ቆጥራ በኋላ የምትተካ ሴት የራሷን ወር አትስትም። ወሎ ውስጥ ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተ ዘመድ የሚኖሩ በመሆናቸው ጎረቤታሞች በሁለት የዘመን አቆጣጠር ተረዳድተው ሲቆጥሩ ኖረዋል።

ሆኖም ቆጠራው የሚሰናከልባቸው ሁኔታዎች ብዙ ነበሩ። ጡት የምታጠባ ሴት ወር አበባዋ ሳይመለስ ልታረግዝ ትችላለች፤ የሚቀር ነገር ሳይኖር ጽንሱ ይቀድማል። በድካምና በምግብ እጦት የተጎዳች ሴት ወሯ ይዛባል። ለእነዚህ ሴቶች ማቅለሽለሹ፣ የምራቁ መብዛት፣ የቡና ጢስ መጥላት፣ አምሮቱ ጥርጣሬን ያመጣሉ እንጂ አያረጋግጡም። እርግጡ የሚታወቀው ሽሉ ሲንቀሳቀስ ነበር፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከአራተኛው ወር እስከ አምስተኛው ወር ነው። እንግዲህ በአያቶቻችን ዘመን የእርግጠኝነት ቀን አምስተኛው ወር አካባቢ ነበር ማለት እንችላለን።

ከታወቀም በኋላ አይነገርም ነበር። ዓይን እንዳያርፍበት፣ ሾተላይ እንዳይከተል፣ ወሬው ከሆዱ እንዳይቀድም ይባላል። የሉቃስ ወንጌል ኤልሳቤጥ ከፀነሰች በኋላ አምስት ወር ራስዋን እንደሰወረች ይናገራል፤ የደጋው ሴቶች ዝምታ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ዝምታውን ባላዋቂነት ብለን ብንተወው እንሳሳታለን። ከታወቁት እርግዝናዎች ከአሥሩ አንዱ ወይም ከዚያ በላይ በመጀመሪያዎቹ ወራት በራሱ እንደሚቋረጥ ዛሬ እናውቃለን። እናቶቻችን ይህን በቁጥር ባይሉትም ከልምድ ያውቁት ነበር። ላልጸና ነገር ደስታ አይታወጅም፤ ያልታወጀም ሲጠፋ በአደባባይ አይለቀስም። ዝምታው የኀዘን መከላከያ ነበር። ዋጋው ግን ከባድ ነበር፦ የምትታገዝበትን ጊዜ ይወስድባት ነበር።

ሃይማኖትና ሕግ እንደ ሰዓት

እርግዝና ሳይታወቅ የሚቆይበት ጊዜ መኖሩ የግል ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የልጁ አባት ማነው፣ ርስቱ የማን ነው የሚሉ ጥያቄዎች በዚህ ጊዜ ላይ ይንጠለጠላሉ። ስለዚህ ሃይማኖቶችም ሕጎችም የየራሳቸውን የመጠበቂያ ቀን አበጅተዋል።

በእስልምና ዒዳ የሚባለው የመጠበቂያ ጊዜ አንዱ ዓላማው የማኅፀንን ነፃነት ማረጋገጥ ነው። የተፈታች ሴት ሦስት የወር አበባ ዙር ትጠብቃለች፤ ባሏ የሞተባት አራት ወር ከዐሥር ቀን ትጠብቃለች፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ መጠበቂያዋ እስክትወልድ ነው። አራት ወር ከዐሥር ቀን ሲያልፍ እርግዝና ካለ ሽሉ መንቀሳቀስ የሚጀምርበት ጊዜ መድረሱን ልብ በሉ። መመርመሪያ በሌለበት ዓለም ጊዜ ራሱ መመርመሪያ ነበር።

በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ጌታ በማርያም ማኅፀን የቆየው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው፤ ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ያለው ዘጠኝ ወር ሲሆን አምስቱ ቀን ጳጉሜን ናት። ይህ 275 ቀን ይሆናል። የዛሬው ሕክምና ከፅንሰት እስከ ልደት በአማካይ 266 ቀን፣ ከመጨረሻው ወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ሲቆጠር ደግሞ 280 ቀን ይላል። ሁለቱ ቁጥሮች የተነሡበት ዓላማ የተለያየ ነው፤ ለማመሳከር ብለን አንዱን በሌላው አንዳኝም። ለአገራችን ሕዝብ ግን የዘጠኝ ወር ከጥቂት ቀን ቆጠራ ከዓመታዊ በዓላት ጋር የተሣሠረ እንጂ በቅርቡ ከውጭ የመጣ አይደለም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህንን ሁሉ ወደ ቁጥር መለሰው። የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ ሲጠይቅ እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል፤ ይህም በሕይወት ተወልዶ ለመኖር የሚችል ሆኖ ሲገኝ ነው። ፅንሰቱም ከልደቱ በፊት ባለው 300ኛው ቀን እንደሆነ ይገመታል። ጋብቻዋ የፈረሰባት ሴት 180 ቀን ሳያልፍ እንዳታገባ ተደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህን የ180 ቀን ገደብ ይዞ ቀጠለ፤ ነገር ግን ሴቲቱ ነፍሰ ጡር አለመሆኗ በሕክምና ማስረጃ ከተረጋገጠ ገደቡ አይጸናባትም ይላል። አንድ የላቦራቶሪ ውጤት በሕግ ፊት ስድስት ወር ሊያሳጥር ቻለ ማለት ነው። የምርመራውን ታሪካዊ ክብደት ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም።

ከገብስ እስከ ወረቀት

ያ የላቦራቶሪ ውጤት ከየት መጣ? ጥንታዊዎቹ ግብፃውያን ጽሑፎች የሴቲቱን ሽንት በገብስና በስንዴ ዘር ላይ ማፍሰስን ይመክራሉ፤ ዘሩ ከበቀለ አርግዛለች። ይህ ለወሎ ገበሬ የማይገርም መሣሪያ ነው፤ ገብስ የዚህ ደጋ እህል ነውና። እ.ኤ.አ. በ1963 የታተመ ሙከራ ይህን ዘዴ ፈትኖ ከነፍሰ ጡሮች ሽንት 70 በመቶ በሚሆነው ዘር እንደበቀለ፣ የልጁን ጾታ ግን ፈጽሞ እንደማይለይ አሳይቷል።

ዘመናዊው ታሪክ የሚጀምረው በ1920ዎቹ መጨረሻ በበርሊን ነው። አሽሃይምና ጾንዴክ የተባሉ ሐኪሞች የነፍሰ ጡር ሽንት ሕፃን ሴት አይጥ ላይ ቢወጋ የአይጧን እንቁልጢ እንደሚለውጥ አረጋገጡ። ውጤቱን ለማየት አይጧን መግደልና ለቀናት መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 አሜሪካዊው ፍሪድማን በጥንቸል ተካው። ከዚያ ተራው የአፍሪካ ሆነ። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ላንስሎት ሆግበን በሠራው ሥራ መነሻነት ዜኖፐስ የተባለችው የአካባቢው እንቁራሪት የነፍሰ ጡር ሽንት ሲወጋባት በሰዓታት ውስጥ እንቁላል እንደምትጥል ታወቀ። እንቁራሪቷ አትሞትም፤ ደግማ ታገለግላለች። ከአፍሪካ ኩሬዎች የተለቀሙ እንቁራሪቶች ለሠላሳ ዓመታት ገደማ በአውሮፓና በአሜሪካ ላቦራቶሪዎች የሴቶችን ጥያቄ ሲመልሱ ኖሩ።

እነዚህ ሁሉ እንስሳት ይመልሱለት የነበረው አንድ ንጥረ ነገር ነው፤ ጽንሱ ማኅፀን ላይ ከተጣበቀ በኋላ የእንግዴ ልጁ ሕዋሳት የሚያመነጩት ኤች.ሲ.ጂ. የተባለው ሆርሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በስዊድን ቪዴና ጌምሴል ይህን ሆርሞን ያለ እንስሳ፣ በሙከራ ቱቦ ውስጥ በፀረ አካል የሚለዩበትን መንገድ አሳወቁ። እ.ኤ.አ. በ1967 ማርጋሬት ክሬን የተባለች የ26 ዓመት የንድፍ ባለሙያ በኒው ጀርሲ በአንድ የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ በተደረደሩ ቱቦዎች ሥር መስታወት ተቀምጦ አየች። ሴቶች ይህን በቤታቸው ለምን አያደርጉትም ብላ ጠየቀች፤ ከተራ የፕላስቲክ ሣጥንም ናሙና ሠራች። አለቆቿ አልተቀበሏትም፤ ምርመራ የሐኪም ሥራ ነው አሉ። ቢሆንም መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1971 በካናዳ ለገበያ ቀረበ። በአሜሪካ መሸጥ የጀመረው ከዚያ ዓመታት ዘግይቶ ነው። የዚያ ዘመን መሣሪያ ወር አበባ ከቀረ ከዘጠኝ ቀን በኋላ የሚሠራ፣ ሁለት ሰዓት የሚያስጠብቅ ነበር፤ «የለም» የሚለው መልሱም 80 በመቶ ብቻ እንደሚታመን ማስታወቂያው ራሱ ይናገር ነበር። ዛሬ የምናውቀው ባለ መስመሩ ወረቀት የተስፋፋው ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ያዙልኝ። ምርመራው በየደረጃው ከባለሙያው እጅ ወደ ሴቲቱ እጅ ሲያልፍ ክርክሩ ስለ ሆርሞን አልነበረም። ክርክሩ ቀድሞ የማወቅ መብት የማን ነው የሚል ነበር።

በአገራችን የእውቀቱ ጉዞ

በኢትዮጵያ የእናቶች ክትትል ከከተማ ሆስፒታል ወጥቶ ወደ ገጠር የተራመደበት አንዱ መነሻ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ትልቁ እርምጃ ግን በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሲመደቡ፣ ከ30 ሺህ በላይ ወጣት ሴቶች በአገሪቱ ሲሠማሩ፣ ስለ ወር አበባ የሚጠይቅ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ደጃፍ ድረስ መጣ።

መመርመሪያ ወረቀት በሌለበት ጤና ኬላ ምን ይደረግ ነበር? የጥያቄ ዝርዝር ነበር። በ1990ዎቹ በኬንያ የተፈተነ አጭር የስድስት ጥያቄ ቅጽ አለ። ባለፉት ሰባት ቀናት ወር አበባሽ ጀምሯል ወይ፣ ከወለድሽ አራት ሳምንት አልሞላሽም ወይ፣ ካለፈው ወር አበባ ወዲህ ግንኙነት አድርገሻል ወይ እያለ ይጠይቃል። ከእነዚህ ጥያቄዎች በአንዱ እንኳ እርግዝና አለመኖሩን የሚያመለክት መልስ የሰጠችና የእርግዝና ምልክት የሌለባት ሴት እርጉዝ እንዳልሆነች በበቂ እርግጠኝነት ይታመናል። ከዚህ በፊት የቤተሰብ ዕቅድ ፈልጋ የመጣች ሴት በዕለቱ ወር አበባዋ ካልታየ «ሲመጣ ተመለሽ» እየተባለች በብዙ የአፍሪካ ክሊኒኮች ትመለስ ነበር። እንደገና መምጣት ማለት የግማሽ ቀን መንገድ ለሆነባት ሴት ይህ ምን ማለት እንደነበር ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ያ ቅጽ ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ የሴቲቱን የራሷን ቆጠራ እንደ ማስረጃ ተቀበለ።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ? በ1997 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱ ሕፃናት 5 በመቶ ገደማ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 26 በመቶ፣ በ2011 ዓ.ም. 48 በመቶ ደረሱ። በ1992 ዓ.ም. በ100 ሺህ ልደት 871 የነበረው የእናቶች ሞት ግምት በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወርዷል። ይህ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን በዚያው በ2008 ዓ.ም. ጥናት የመጀመሪያ ክትትላቸውን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት ከአምስት ሴቶች አንዷ ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 28 በመቶ። በሌላ አነጋገር እናቶች ወደ ጤና ተቋም መምጣትን ተቀብለዋል፤ ቀድሞ መምጣቱ ግን ገና ነው። የድሮው አምስተኛ ወር በልማዳችን ውስጥ አሁንም አለ።

ይህ መዘግየት ለምን ይጎዳል? የጽንሱ ነርቭና አከርካሪ የሚሠራበት ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ ነው፤ ማለትም ወር አበባ ከቀረ ሁለት ሳምንት ሲሆን። ፎሊክ አሲድ የሚጠቅመው ከዚያ በፊት ሲጀመር ነው። ወደ ዓባይ ቆላ ወርዳ ወባ የያዛት ሴት የሚሰጣት መድኃኒት ነፍሰ ጡር መሆኗና አለመሆኗ ይወስነዋል። የደም ማነስ፣ የደም ግፊት፣ የቂጥኝና የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ሁሉ ቀድሞ ሲሆን ነው የሚጠቅመው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ክትትል ከ12ኛው ሳምንት እንዳያልፍ የሚመክረው ለዚህ ነው።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር መፈለግ

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። መቼ ትመርመር ነበር? በራሳችን የቀን መቁጠሪያ እንቁጠረው፤ እንዲያውም ለዚህ ሥራ ከአውሮፓው ይልቅ የእኛው ይቀላል።

ዙሯ 28 ቀን የሆነች ሴት ወር አበባዋ ኅዳር 12 ቀን፣ በሚካኤል ዕለት ጀመረ እንበል። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ የሚቀጥለው ከቀኑ ሁለት ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 10 ይጠበቃል። እንቁላሏ የሚወጣው ከዚያ 14 ቀን ቀደም ብሎ ኅዳር 26 አካባቢ ነው። ፅንሰት ከተፈጠረ፣ ጽንሱ ማኅፀን ላይ የሚጣበቀው ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ፣ ማለትም ከታኅሣሥ 2 እስከ 8 ነው። ሆርሞኑ ወደ ደምና ወደ ሽንት የሚገባው ከዚያ በኋላ ሲሆን በየሁለት ሦስት ቀኑ እጥፍ እየሆነ ያድጋል። ኅዳር 30 የተመረመረች ሴት፣ እንደ ተማሪዬ በአራተኛው ቀን፣ ብታረግዝም እንኳ አንድ መስመር ብቻ ታያለች። በዚያ ቀን ልትጠይቅ የሚገባት ስለ ድንገተኛ መከላከያ እንክብል ነበር፤ እርሱም ቶሎ ሲወሰድ፣ በተለይ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ የበለጠ ይሠራል።

ስለዚህ የመመርመሪያው የመጀመሪያ ተገቢ ቀን ወር አበባው ሳይመጣ የቀረበት ቀን፣ በምሳሌያችን ታኅሣሥ 10 ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት በዚያ ቀን እንኳ ከዐሥር እርግዝና አንዱ ገና እንዳልተጣበቀ ገምቷል። ስለዚህ መልሱ «የለም» ቢሆንና ወር አበባው ባይመጣ ከሳምንት በኋላ፣ ታኅሣሥ 17፣ መድገም ያስፈልጋል። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት የተጠራቀመ ስለሆነ ይመረጣል። ወረቀቱ የሚነበበው መመሪያው በሚለው ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ሰዓታት ቆይቶ የሚታይ ደብዛዛ መስመር አይታመንም። የማረጋገጫው መስመር ካልታየ ወረቀቱ ተበላሽቷልና መልስ አልሰጠም። የአገልግሎት ዘመኑንም ማየት ይገባል።

ዙሯ የሚዛባ፣ የምታጠባ፣ ወይም በመርፌ የሚሰጠውን መከላከያ ስትጠቀም ቆይታ ያቋረጠች ሴት የሚቀር ቀን የላትም። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ባለትዳር ሴቶች በብዛት ይጠቀሙ የነበረው መከላከያ መርፌው መሆኑን ስናስብ ይህ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም። ለእነርሱ ቆጠራው ከግንኙነቱ ይጀምራል፤ ሦስት ሳምንት ቆጥሮ መመርመር ነው።

መልሱ «አለ» ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ቀላል ነው። ከኅዳር 12 ዘጠኝ ወር ቁጠሩ፤ ነሐሴ 12። ዐሥር ቀን ጨምሩ፤ ነሐሴ 22። ይህ በትክክል 280 ቀን ነው። ቆጠራው ጳጉሜንን የሚሻገር ከሆነ በዐሥር ፋንታ አምስት፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነበት ዓመት ደግሞ አራት ቀን መጨመር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ወሩ 28ም 30ም 31ም ስለሚሆን ይህ ሒሳብ እንደዚህ አይጠራም።

ወረቀቱ የማያውቀው

መስመሩ የሚናገረው ሆርሞኑ መኖሩን ብቻ ነው። ጽንሱ በማኅፀን ይሁን ከማኅፀን ውጭ አያውቅም። ሁለት መስመር ያየች ሴት በአንድ ጎን ከባድ ሕመም፣ ደም መፍሰስ ወይም ራስ ማዞር ከተሰማት ሳትውል ሳታድር ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባት። ከቅርብ ጊዜ ወሊድ ወይም ውርጃ በኋላም መስመሩ ለሳምንታት ሊታይ ይችላል።

ሌላም የማያውቀው አለ። ቀድሞ ሳይታወቅ እንደ ዘገየ ወር አበባ ያልፍ የነበረው የመጀመሪያ ሳምንት መቋረጥ ዛሬ በሁለት መስመር ከታየ በኋላ የሚጠፋ ልጅ ሆኗል። ቀድሞ ማወቅ ቀድሞ ማዘንንም አምጥቷል። እናቶቻችን በዝምታቸው የሸፈኑትን ኀዘን የዛሬዋ ሴት ብቻዋን፣ በመጸዳጃ ቤት በር ኋላ ትሸከመዋለች። ለዚህ ኀዘን ገና ወግ አላበጀንለትም።

ከሁሉ በላይ ወረቀቱ መልሱን ለማን እንደሚናገር አያውቅም። በቤተሰብ ወይም በጓደኛ ተገድዳ የምትመረመር ልጅ፣ ውጤቷ በሌላ ሰው እጅ የሚነበብባት ሴት፣ መሣሪያው ነፃ አላወጣትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በመደፈር፣ በቅርብ ዘመድ በተፈጸመ ግንኙነት፣ በእናቲቱ ጤና ላይ በሚደርስ አደጋና በመሰሉት ምክንያቶች እርግዝና በሕክምና የሚቋረጥባቸውን ሁኔታዎች ደንግጓል። በእነዚያም ሁኔታዎች ጊዜ ወሳኝ ነው፤ ጊዜን የምታገኘው ግን ለራሷ ቀድማ ያወቀችና ሳትፈራ የምትናገርለት ሰው ያላት ናት።

ውድ ተማሪዎች፤ ለታሪክ ክፍል ልጆች አንድ የቤት ሥራ ልተውላችሁ። በሚቀጥለው ዕረፍት ወደየቀያችሁ ስትመለሱ ከአያቶቻችሁና ከልምድ አዋላጆች ዘንድ ቁጭ በሉ፤ ሴቶቹ ብትሆኑ ይቀልላችኋል። «ወር የምትቆጥሩት በምን ነበር? ያወቃችሁት በስንተኛው ወር ነበር? መጀመሪያ ለማን ነገራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ፈቃዳቸውን አግኝታችሁ፣ ስማቸውን ሳትጽፉ መዝግቡ። ይህ መዝገብ በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት አይገኝም፤ የያዙትም እያለፉ ነው።

ለሁላችሁም ደግሞ ይህን እላለሁ። መመርመሪያው ከመድኃኒት ቤት ይገዛል፤ ቆጠራው ግን አይገዛም። አያቶቻችን ቆጠራው ነበራቸው፣ መሣሪያው አልነበራቸውም። ተማሪዬ መሣሪያው ነበራት፣ ቆጠራውን ያስተማራት አልነበረም። ከአስተማሪዎቿ አንዱ እኔ ነበርኩ።

 ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።